ዘግይቶ የሚሰበር አለት፦ የውሃ ግፊትና የመሬት መንቀጥቀጥ ከዴንቨር እስከ ኦክላሆማ

ከ2008 በፊት በነበሩት ሠላሳ ዓመታት (በዚህ ዳሰሳ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በአሜሪካዋ ኦክላሆማ ግዛት መጠናቸው 3 እና ከዚያ በላይ የሆነ የመሬት መንቀጥቀጦች በዓመት በአማካይ ከሁለት አይበልጡም ነበር። በ2009 ወደ 20 ደረሱ፤ በ2013 ከ100 አለፉ። በ2014 ከ500 በላይ ሆኑና ግዛቲቱ በዚህ መለኪያ በመሬት መንቀጥቀጥ የታወቀችውን ካሊፎርኒያን በለጠች። በ2015 ቁጥሩ 900 ገደማ ሆነ። ከዚያ በኋላ ቁልቁለቱ ጀመረ፤ በ2016 ከ600 በላይ፣ በ2017 ወደ 300፣ በ2018 ወደ 200 ወረደ፣ በ2019 ደግሞ ከ100 በታች ሆነ።

እንዲህ ያለ ሽቅብና ቁልቁል ተፈጥሮ በራሷ ፍጥነት የምትሠራው አይደለም። የምድርን ቅርፊት የሚገፉት ኃይሎች በሚሊዮን ዓመታት የሚቆጠር ዕድሜ አላቸውና በአሥር ዓመት ውስጥ አራት መቶ እጥፍ ጨምረው መልሰው አይወርዱም። በኦክላሆማ የተለወጠው ከመሬት በታች በአለቱ ስንጥቆች ውስጥ ያለው የውሃ ግፊት ነው። ይህ ግፊት አለትን እንዴት እንደሚሰብር ደግሞ ከዚያ በፊት በነበሩት ዘጠና ዓመታት በሚገባ ተጠንቷል። ስለዚህ የዚህ ዳሰሳ ጥያቄ እውቀቱ ከየት መጣ የሚል ብቻ አይደለም፤ እውቀቱ እያለ ቁጥሩ ለምን ወጣ የሚልም ነው። የየዘመኑን መረጃ ጎን ለጎን ሳስቀምጠው ደጋግሞ የሚታየኝ መልስ አንድ ነው፦ ሰዎች ውሃውን የሚቆጥሩት በፓምፑ አፍ ሲሆን አለቱ ግን የሚመልሰው ግፊቱ ከሩቅና ከጥልቅ ሲደርስበት፣ ማለትም ዘግይቶ ነው።

መሠረቱን የጣለው ኦስትሪያዊው መሐንዲስ ካርል ቴርዛጊ ነው። በ1920ዎቹ በአፈር ላይ ባደረጋቸው ሙከራዎች አንድ ቀላል ግን ታላቅ ሕግ አወጣ። በመሬት ውስጥ ባለ ማንኛውም ነጥብ ላይ የሚያርፈው ክብደት ለሁለት ይከፈላል፤ ከፊሉን ጠጣሩ አካል፣ ማለትም የአፈሩ ቅንጣት ወይም አለቱ ይሸከማል፣ ከፊሉን ደግሞ በቀዳዳዎቹ ውስጥ ያለው ውሃ። ጥንካሬ የሚሰጠው ጠጣሩ የተሸከመው ድርሻ ብቻ ነው። የሚንተከተክ ድስት ክዳንን ያየ ሰው ነገሩን ያውቀዋል፤ የክዳኑ ክብደት አልቀነሰም፣ ነገር ግን እንፋሎቱ ከሥር ስለደገፈው በትንሽ ንክኪ ይንሸራተታል። በጥልቀት ያለ የስብራት መስመርም እንዲሁ ነው። ሁለቱን ግንቦች አጥብቆ የያዛቸው ከላይና ከጎን ያለው ጫና ሲሆን በመካከላቸው ያለው የውሃ ግፊት ከፍ ባለ ቁጥር ያ ጭብጥ ይላላል፣ ሰበቃው ይቀንሳል፣ ለዘመናት የተጠራቀመው የጎን ጫናም መውጫ ያገኛል።

ብዙ ሰው ውሃው አለቱን እንደ ቅባት ያንሸራትተዋል ብሎ ያስባል። ዋናው ሥራው ግን ማለስለስ አይደለም፤ ዋናው ሥራው ሸክም መጋራት ነው። ከዚህም ሁለት ዓይነት ስብራት ይከተላል። ግፊቱ አለቱን ከሚጨብጡት ጫናዎች መካከል ትንሹን ከበለጠ አዲስ ስንጥቅ ይከፍታል፤ ለዚያ ሳይደርስ እንኳ ቀድሞ የነበረውን ስብራት ሊያንሸራትት ይችላል። የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ በአብዛኛው የሁለተኛው ታሪክ ነው፣ ምክንያቱም የቆየ ስብራት የሌለበት አለት የለም፣ ብዙዎቹም ከመንሸራተት የሚለያቸው ጥቂት ነው።

ከመሬት መንቀጥቀጡ በፊት ግን የትምህርቱን ዋጋ የከፈሉት ግድቦች ናቸው። በ1895 በምሥራቅ ፈረንሳይ የቡዜ ግድብ ፈርሶ ከ80 በላይ ሰዎች ሞቱ። ሞሪስ ሌቪ የተባለው መሐንዲስ ውሃ በግድቡ አካል ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ ወደ ላይ እንደሚገፋና ይህ ግፊት በስሌት መያዝ እንዳለበት በዚያው ዓመት አሳሰበ። ስሌቱ ወደ ግንቡ ገባ፤ ከግንቡ ሥር ወዳለው አለት ለመግባት ግን ከስድሳ ዓመታት በላይ ወሰደ። በደቡብ ፈረንሳይ ከፍሬዡስ ከተማ በላይ የተሠራው 66 ሜትር ከፍታ ያለው የማልፓሴ ቅስት ግድብ ታህሳስ 2 ቀን 1959 ማታ ለመጀመሪያ ጊዜ እስከ አፉ ሊሞላ ሲል ተደርምሶ 423 ሰዎችን ገደለ። ኮንክሪቱ ጉድለት አልነበረበትም፤ የተንቀሳቀሰው በግራ በኩል ያለው ተራራ ነበር።

የፈረንሳይ ተመራማሪዎች ከዚያ በኋላ ያደረጉት ሙከራ በዝርዝር ሊታይ የሚገባው ነው። ከሥፍራው የተወሰደውን ናይስ የተባለ አለት በላብራቶሪ እየጨመቁ ውሃ በውስጡ ምን ያህል እንደሚያልፍ ለኩ። ጥቃቅን ስንጥቅ የበዛበት ያ አለት ሲጨመቅ ስንጥቆቹ ስለሚዘጉ ውሃ የማሳለፍ አቅሙ እጅግ ወረደ። ትርጉሙ ይህ ነው፦ ቅስቱ ክብደቱን ወደ ተራራው ሲገፋ በአለቱ ውስጥ ከዓይን የተሰወረ ሌላ ግድብ ፈጠረ። ከጀርባው ውሃው ተጠራቀመ፣ ግፊቱም ወጣ፣ ከታች በኩል በአሮጌ ስብራት የተቆረጠው የተራራው ሽብልቅ ግድቡን ተሸክሞ ተነሳ። በዚያ ዘመን የቅስት ግድቦች መሠረት ውስጥ የውሃ ግፊት መለኪያና ማስተንፈሻ ጉድጓድ የተለመደ አልነበረም፤ ከማልፓሴ በኋላ ግን ያለ እነርሱ ግድብ መሥራት የማይታሰብ ሆነ።

አራት ዓመት ሳይሞላ የሰሜን ጣሊያኑ ቫዮንት ተከተለ። ጥቅምት 9 ቀን 1963 ከቶክ ተራራ 270 ሚሊዮን ሜትር ኩብ የሚሆን አለት በደቂቃ ውስጥ ወደ ሐይቁ ተንሸራተተ፤ የተነሳው ማዕበል ግድቡን ተሻግሮ ሎንጋሮኔንና አካባቢዋን አጥፍቶ ወደ 2,000 የሚጠጉ ሰዎችን ገደለ። 262 ሜትር የሚሆነው ግድብ እስከ ዛሬ ቆሟል። ተራራው ከ1960 ጀምሮ እየተሳበ ነበር፤ መሐንዲሶቹም የሐይቁን ውሃ ከፍና ዝቅ በማድረግ ፍጥነቱን መቆጣጠር እንደሚቻል አምነው ነበር። ውሃው ሲወጣ ተራራው ይፈጥን፣ ሲወርድ ይረጋጋ ስለነበር እምነቱ መሠረተ ቢስ አልነበረም። የጎደለው ሌላ ነገር ነው። የሐይቁ ወለል በቀን ሲለካ በሸክላ ንጣፎቹ መካከል የታሰረው ውሃ ግፊት የራሱን ጊዜ ይጠብቅ ነበር። በመጨረሻዎቹ ቀናት ሐይቁ እየወረደ ሳለ ተራራው ግን ይፈጥን ነበር።

በግድቦቹ ዘመን ጎን ለጎን ነዳጅ አውጪዎች ያንኑ ኃይል ሆን ብለው መጠቀም ጀምረው ነበር። በ1947 በካንሳስ አለትን በፈሳሽ ግፊት የመሰንጠቅ የመጀመሪያ ሙከራ ተደረገ፤ በ1949 ደግሞ በኦክላሆማና በቴክሳስ የንግድ ሥራ ሆነ። በ1957 ኪንግ ሃበርትና ዴቪድ ዊሊስ ስንጥቁ ወደየት እንደሚሄድ አስረዱ፦ ሁልጊዜ ትንሹ ጫና ካለበት አቅጣጫ ጋር ቀጤ ነክ ሆኖ ይከፈታል። ይህን ያሳዩት ጄላቲን ውስጥ የጀሶ ፈሳሽ በመርጨት ነው፤ ጀሶው ሲደርቅ የስንጥቁ ቅርጽ በእጅ የሚዳሰስ ሆነ። በ1959 ሃበርት ከዊልያም ሩቤ ጋር ደግሞ ወደ ትልቁ ጥያቄ ተሻገረ። በተራሮች ውስጥ በአሥሮች ኪሎ ሜትር የሚለካ የአለት ንጣፍ ሳይሰባበር እንዴት ሊንሸራተት ይችላል? መልሳቸው የቴርዛጊ ሕግ ነበር፤ በቂ የውሃ ግፊት ካለ ተራራም ተደግፎ ይሄዳል። በወረቀት ላይ ሁሉም ነገር የተሟላ ነበር። በምድር ላይ ለማየት ሦስት ዓመት ያህል ብቻ ወሰደ።

በኮሎራዶ፣ ከዴንቨር ከተማ አጠገብ የነበረው የሮኪ ማውንቴን የጦር መሣሪያ ፋብሪካ መርዛማ ፍሳሹን የሚያስወግድበት ቦታ ቸግሮት ነበር። በ1961 ከ3,600 ሜትር በላይ የሚጠልቅ ጉድጓድ ተቆፍሮ እስከ ጥንታዊው ጠጣር አለት ደረሰ፤ በመጋቢት 1962 ፍሳሹ መከተት ጀመረ። በሚያዝያ መሬቱ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ከዚያ በፊት ለሰማንያ ዓመታት ያህል በዚያ አካባቢ ይህን የመሰለ እንቅስቃሴ አልተመዘገበም ነበር። በኅዳር 1965 ዴቪድ ኢቫንስ የተባለ የሥነ ምድር ባለሙያ በየወሩ የተከተተውን ፍሳሽና በየወሩ የተመዘገበውን መንቀጥቀጥ በአንድ ገጽ ላይ አስቀመጠ። ፋብሪካው ለአንድ ዓመት ያህል መክተቱን ባቆመበት ጊዜ መንቀጥቀጡ ቀንሷል፤ ፓምፑ በኃይል በሠራባቸው የ1965 ወራት ደግሞ አሻቅቧል። ሁለቱን ገበታዎች ጎን ለጎን ያየ ሰው ማስረጃ አይጠይቅም።

ሥራው በየካቲት 1966 ቆመ። በአራት ዓመት 625,000 ሜትር ኩብ የሚሆን ፍሳሽ ወርዷል። በዚህ ታሪክ ውስጥ እንደ ዋና መታጠፊያ የምቆጥረው ግን ከዚያ በኋላ የሆነውን ነው። ፓምፑ ከቆመ ከአንድ ዓመት በላይ አልፎ፣ በ1967 ሚያዝያ፣ ነሐሴና ኅዳር ላይ ዴንቨርን ሦስት ትላልቅ መንቀጥቀጦች መቷት፤ የነሐሴው ወደ 5 የሚጠጋ፣ ከሁሉም የበለጠ ነበር። ምክንያቱ በ1968 ተብራራ። በጉድጓዱ ግርጌ ያለው ግፊት ፓምፑ እንደቆመ ቢወርድም ቀድሞ የተገፋው ውሃ በስብራቱ መስመር እየሰረገ ወደ ውጭ መጓዙን አላቆመም። ጠርዙ ላይ ያለው ግፊት ገና እየጨመረ ነበር፤ ወደ ፊት በሄደ ቁጥርም ሰፊ የስብራት ገጽ አገኘ። ሰፊ ገጽ በአንድ ጊዜ ሲንሸራተት ትልቅ መንቀጥቀጥ ይሆናል። ይህ ሥርዓት በዴንቨር ለመጀመሪያ ጊዜ ተጻፈ፤ ከዚያ ወዲህ ግን አምስትም ስድስትም ጊዜ ራሱን ደግሟል።

ዴንቨር ያለፈን ነገር ያስረዳ ነበር፤ ሬንጅሊ ደግሞ መጪውን ተነበየ። በዚያው በኮሎራዶ ባለው የሬንጅሊ ነዳጅ መስክ ከ1957 ጀምሮ ነዳጁን ለመግፋት ውሃ ይከተት ነበር፣ ትናንሽ መንቀጥቀጦችም ይመዘገቡ ነበር። የአሜሪካ የሥነ ምድር ጥናት ተቋም ተመራማሪዎች በ1969 መስኩን እንደ ላብራቶሪ ያዙት። ሥራቸው በሦስት ደረጃ የተሠራ ነው። መጀመሪያ ከጥልቁ የወጣውን የአሸዋ ድንጋይ በመጫኛ መሣሪያ ላይ አድርገው ሰበቃውን ለኩ። ቀጥሎ በጉድጓድ ውስጥ አለቱን በውሃ ሰንጥቀው የየአቅጣጫውን ጫና አወቁ። በመጨረሻ ሁለቱን አጣምረው ስብራቱ መንሸራተት የሚጀምርበትን የውሃ ግፊት አሰሉ፦ 257 ባር። ከዚያ ግፊቱን ከፍና ዝቅ ማድረግ ጀመሩ። ከዚህ መጠን በላይ ሲሆን መሬቱ ይንቀጠቀጣል፣ በኅዳር 1970 ውሃውን መልሰው ሲያወጡ ጸጥ ይላል፣ እንደገና ሲከቱ ይቀጥላል፣ በ1973 ሲያቆሙ ያቆማል።

ውጤቱ በ1976 ሲታተም ብዙዎች ሰው የመሬት መንቀጥቀጥን በቧንቧ መቆጣጠሪያ ሊያዝዘው ነው ብለው ተስፋ አደረጉ። ተስፋው የተጋነነ ነበር። ሬንጅሊ የሠራው መስኩ ትንሽ፣ ስብራቱ የታወቀ፣ ግፊቱም በቅርብ የሚለካ ስለነበር ነው። ትልቁ ፍሬው ግን አልተጋነነም፤ በአንድ ስብራት ላይ አደጋው የሚጀምርበት ግፊት አስቀድሞ ሊሰላ የሚችል ቁጥር መሆኑ ታይቷል። ለዚህም ጫናውን፣ ሰበቃውንና የውሃውን ግፊት መለካት ያስፈልጋል። ሦስቱም ገንዘብ ያስወጣሉ፣ በየጉድጓዱ የሚለካቸው ግን አልተገኘም።

በእነዚያው ዓመታት ሰው ሠራሽ ሐይቆችም የየራሳቸውን መረጃ ጨምረዋል። በህንድ ማሃራሽትራ የኮይና ግድብ በ1962 መሙላት ጀመረ፤ ከአምስት ዓመት በኋላ በታህሳስ 1967 መጠኑ 6.3 የሆነ መንቀጥቀጥ ከ170 በላይ ሰዎችን ገደለ። ለእኛ ቅርብ የሆነው የአስዋን ጉዳይ ነው። የናስር ሐይቅ ከ1964 ጀምሮ ሞልቶ በ1970ዎቹ መጨረሻ ከፍተኛ ወለሉ ላይ ደረሰ፤ ከ5 በላይ የተለካው የካላብሻ መንቀጥቀጥ የመጣው ግን ኅዳር 14 ቀን 1981፣ መሙላቱ ከተጀመረ ከ17 ዓመት በኋላ ነው። ሐይቁ በሁለት መንገድ ይሠራል፤ ክብደቱ ወዲያው ይሰማል፣ የውሃው ግፊት ግን በአለቱ ስንጥቅ እየሰረገ ስብራቱ ዘንድ እስኪደርስ ዓመታት ይፈልጋል። ኮይና አምስት ዓመት፣ አስዋን 17 ዓመት የቆየበት ልዩነት በአለቱ ውሃ የማሳለፍ አቅምና በስብራቱ ርቀት የሚወሰን ነው።

ከ1976 እስከ 2008 ያሉት ሦስት አሥርት ዓመታት በአንጻሩ ጸጥ ያሉ ናቸው፤ በፍጥነት ላልፋቸው እችላለሁ። ለመጥቀስ የሚበቃው ኮሎራዶ ውስጥ የፓራዶክስ ሸለቆ ጉድጓድ ነው። የኮሎራዶን ወንዝ ከጨው ለመጠበቅ ከ1996 ጀምሮ ጨዋማ ውሃ ያለማቋረጥ በጥልቅ ይከተትበት ነበር። በ2000 መጠኑ 4.3 የሆነ መንቀጥቀጥ ሲመጣ የሚከተተው ውሃ ተቀነሰ፣ የትናንሾቹ ቁጥርም ወረደ፤ ይሁን እንጂ በ2019 መጋቢት 4.5 ተመዘገበና ሥራው ቆመ። በቅርብ እየተለካና በጥንቃቄ እየተያዘ እንኳ ግፊቱ ከሃያ ዓመት በላይ ሲስፋፋ ያልታሰበ ስብራት ሊያገኝ እንደሚችል ይህ አንድ ጉድጓድ አሳይቷል።

ኦክላሆማ ይህን ሁሉ ወርሳ ነው የጀመረችው። የሕዝቡ ቁጣ ብዙ ጊዜ ያረፈው ነዳጅ ለማውጣት አለቱን በሚሰነጥቀው ሥራ ላይ ነበር፤ የአብዛኛው መንቀጥቀጥ ምክንያት ግን ከነዳጁ ጋር የሚወጣው ጥንታዊ ጨዋማ ውሃ ነው። ከ2000ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በአግድም ቁፋሮ የተከፈቱት የኖራ ድንጋይ መስኮች ከአንድ በርሜል ነዳጅ ጋር አሥርና ከዚያ በላይ በርሜል ጨዋማ ውሃ ያወጡ ነበር። ይህን ውሃ በወንዝ መልቀቅ አይቻልም፤ ስለዚህ አርበክል ወደተባለው ጥልቅ ንጣፍ ይመለስ ነበር። አርበክል ለአስወጋጆች የተመቸ ነበር፤ ባዶነቱ ሰፊ፣ ግፊቱ ዝቅተኛ ስለነበር በብዙ ጉድጓዶች ውሃው ያለ ፓምፕ በራሱ ክብደት ይወርድ ነበር። በጉድጓዱ አፍ ያለው መለኪያ ዜሮ ያሳያል። ንጣፉ ግን በቀጥታ የተኛው አሮጌ ስብራት በሞላበት ጠጣር አለት ላይ ነው፣ በእያንዳንዱ በርሜልም ሥሩ ያለው ግፊት በጥቂቱ ይጨምር ነበር። በጫና የተወጠረን ስብራት ለማንሸራተት ደግሞ ጥቂቱ ይበቃል።

ኅዳር 5 ቀን 2011 ማታ በፕራግ ከተማ አቅራቢያ መጠኑ 5.7 የሆነ መንቀጥቀጥ 14 ቤቶችን አፈረሰ፤ በሾኒ ከተማ የአንድ ዩኒቨርሲቲ ጥንታዊ ሕንፃ የማዕዘን ማማ ተደረመሰ፤ ንዝረቱ በ17 ግዛቶች ተሰማ። በዚያ አካባቢ ውሃ መከተት የተጀመረው በ1993 ነበር። የአሥራ ስምንት ዓመት ልዩነት ብዙዎች ግንኙነቱን እንዲክዱ ምክንያት ሆነ፤ ለእኔ ግን የዴንቨርንና የአስዋንን መረጃ ያየ ሰው እንዲህ ያለ መዘግየት ሊያስገርመው አይገባም ነበር። የግዛቲቱ የሥነ ምድር ጥናት ቢሮ አብዛኞቹ መንቀጥቀጦች ከውሃ ማስወገዱ የመጡ መሆናቸው በእጅጉ የሚገመት ነው ብሎ በይፋ የተናገረው በሚያዝያ 2015 ነው። ይህ ቁጥሩ ጣሪያ የነካበት ዓመት ነው። በመካከሉ ያለፉት ከሦስት በላይ ዓመታት በዚህ ታሪክ ውስጥ ይቅርታ ለማድረግ የሚከብደኝ ክፍል ናቸው፤ ገበታዎቹ በእጅ ነበሩ፣ ቤታቸው በየሳምንቱ የሚሰነጠቅባቸው ሰዎችም ይጮኹ ነበር።

የቁልቁለቱ ምክንያት ሁለት ነው። በ2014 አጋማሽ በርሜሉ ከ100 ዶላር በላይ የነበረው ነዳጅ በ2016 መጀመሪያ ከ30 ዶላር በታች ወርዶ ብዙ መስኮች ሥራ ቀነሱ። የግዛቲቱ ተቆጣጣሪ አካልም መጀመሪያ ወደ ጠጣሩ አለት የዘለቁ ጉድጓዶች ግርጌያቸው እንዲደፈን፣ ቀጥሎም በ2016 መጀመሪያ በሰፊ አካባቢ የሚከተተው ውሃ ከ2014ቱ በ40 በመቶ እንዲቀንስ አዘዘ። ግን የ2016ን መዝገብ በቅርብ ማየት ያስፈልጋል። የሚከተተው ውሃ ከ2015 አጋማሽ ጀምሮ እየቀነሰ ሳለ በየካቲት በፌርቪው 5.1፣ በመስከረም በፖኒ 5.8፣ በኅዳር በኩሺንግ 5.0 ተመዘገበ። የፖኒው በግዛቲቱ መዝገብ ከሁሉም የሚበልጥ ነው። የትናንሾቹ ብዛት ይወርዳል፣ ትላልቆቹ ግን በቁልቁለቱ ላይ ይመጣሉ፤ በ1967 ዴንቨር ያየችው ይህንኑ ነው።

የሚከተተው ውሃ ብዛት ብቻውን እንደማይናገር ደግሞ የከርሰ ምድር ሙቀት ፕሮጀክቶች አረጋገጡ። በስዊዘርላንድ ባዝል ከተማ ሥር በታህሳስ 2006 በስድስት ቀን 11,500 ሜትር ኩብ የሚሆን ውሃ ተከተተ፤ መንቀጥቀጡ ሲያሰጋ ሥራው ቆመ፣ ትልቁ 3.4 ግን ከቆመ ከሰዓታት በኋላ መጣ። በደቡብ ኮሪያ ፖሃንግ የተከተተው ጠቅላላ ውሃ ከ13,000 ሜትር ኩብ አይበልጥም፤ ከዴንቨሩ ጋር ሲተያይ ሃምሳኛው እጅ ነው። መጨረሻው መክተት ካበቃ ከሁለት ወር በኋላ፣ ኅዳር 15 ቀን 2017 መጠኑ 5.5 ገደማ የሆነ መንቀጥቀጥ ከመቶ በላይ ሰዎችን አቆሰለ። ጉድጓዱ ማንም ባላወቀው፣ ለመንሸራተት ተቃርቦ በነበረ ስብራት ውስጥ አልፎ ነበር። ከዚያ ወዲህ የእንቅስቃሴው ማዕከል ወደ ምዕራብ ቴክሳስ ተሻግሯል፤ በ2020 መጋቢት 5.0፣ በ2022 ኅዳር 5.4 ተመዘገበ። ጥልቅ ጉድጓዶች ሲከለከሉ ውሃው ወደ ላይኞቹ ንጣፎች ተመለሰ፤ በዚህም መሬቱ ራሱ ወደ ላይ እየተነሳ፣ የተተዉ አሮጌ ጉድጓዶች ጨዋማ ውሃ እየተፉ ነው።

ኢትዮጵያ በዚህ መጠን ነዳጅ አታወጣም፣ ፍሳሽም አትከትም፤ ያም ሆኖ ሕጉ እዚህም ይሠራል። የግልገል ግቤ ሁለት 26 ኪሎ ሜትር ዋሻ ሲቆፈር በ2006 ጥቅምት መሣሪያው የተፈረካከሰ የስብራት ቀጠና ላይ ደርሶ በግፊት የሚወጣው ጭቃ ግዙፉን ማሽን ወደ ኋላ ገፋው፤ ፕሮጀክቱም ለረጅም ጊዜ ዘገየ። በ2024 መጨረሻና በ2025 መጀመሪያ በፈንታሌና በዶፈን አካባቢ አለቱን የሰነጠቀው ደግሞ የቀለጠ አለት ግፊት ነበር። ጥር 4 ቀን 2025 መጠኑ 5.7 የደረሰው መንቀጥቀጥ የመጣው እርሱ ወደ ጎን እየሰረገ መንገድ ሲከፍት ነው፤ ፈሳሹ ቢለወጥም መካኒኩ ያው ነው። በዚያ ወቅት መንቀጥቀጡን ከሕዳሴው ግድብ ጋር የሚያያይዝ ወሬ ተሰምቷል። ወሬው ከፊዚክሱ ጋር አይስማማም፤ ግድቡ ከፈንታሌ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል፣ የውሃ ግፊት ግን በጠጣር አለት ውስጥ በዓመታት የሚጓዘው አሥሮች ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው።

ይህ ማለት ግን የሕዳሴው ግድብ ባለበት በጉባ ዙሪያ የሚለካ ነገር የለም ማለት አይደለም። ሐይቁ ከሐምሌ 2020 ጀምሮ ተሞልቶ በመስከረም 2025 ግድቡ ተመርቋል። የምዕራቡ አለት ከስምጥ ሸለቆው ጋር ሲተያይ እጅግ የረጋ ነው፤ የኮይናም አካባቢ ከ1967 በፊት እንዲሁ የረጋ ይባል ነበር። በአስዋን የሲስሞግራፍ መረብ የተዘረጋው በ1982፣ ከካላብሻ በኋላ ስለሆነ ሐይቁ ሳይሞላ በፊት የነበረው የትናንሽ መንቀጥቀጥ ብዛት ስንት እንደነበር ዛሬ በትክክል ማነጻጸር አይቻልም። በጉባ ሐይቁ ቢሞላም ከአሁን ጀምሮ ያለውን ቁጥር ለመያዝ ጊዜው አላለፈም። በአስዋን ልክ ከሄድን፣ በቅርብ መታየት ያለባቸው ዓመታት እስከ 2030ዎቹ መጨረሻ ይዘልቃሉ።